ለገዢ ዓይን የተሰቀለ ሥዕል

የሥዕል ሒስ እንደ ልማዱ ዓይኑን የሚጥለው በዐውደ ርእይ አዳራሽ፣ በቤተ መዘክርና በሠዓሊው የሥራ ክፍል ላይ ነው። ይህ የሚገባ ቢሆንም፣ በዘመናችን ሰው ከሥዕል ጋር በብዛት የሚገናኘው በእነዚህ ስፍራዎች እንዳልሆነ መካድ አይቻልም። የሚገናኘው በባንክ ቤት መጠበቂያ፣ በሆቴል መተላለፊያ፣ በሐኪም ቤት ግድግዳ፣ እንዲሁም ይህ ጽሑፍ በተለይ ሊመረምረው በተነሣው ስፍራ፣ ማለትም ለሽያጭ በተሰናዳ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ ስላለው ሥዕል ሒስ የሚያቀርብ የለም። ሐያሲው ንቆት ያልፋል፤ ተመልካቹም አይቶት እንዳላየ ይሆናል። እንዲያውም የተሰቀለው ታይቶ እንዲረሳ ነው። ሥዕል እንዲረሳ ተብሎ የሚሰቀልበት ስፍራ ካለ ደግሞ፣ የኪነ ጥበብ መጽሔት ጉዳዩን ሳያነሣ ሊያልፈው የሚገባ አይመስለንም።

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ ነው። ቤቱን ለመሸጥ የፈለገ ሰው፣ ገዢዎች መጥተው ከማየታቸው በፊት፣ ቤቱን ለባለሙያ ያስረክባል። ባለሙያውም የባለቤቱን ዕቃ በከፊል ወይም በሙሉ አስወጥቶ፣ ከመጋዘን ባመጣው የኪራይ ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ መብራትና ሥዕል ቤቱን ያለብሰዋል። ሥራው «ሆም ስቴጂንግ» ይባላል። በሲያትል አካባቢ በቤት ሽያጭ ሥራ ላይ የነበረችው ባርብ ሽዋርዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንደጀመረችውና ስያሜውንም እንዳወጣችለት ይነገራል። ቃሉ ከቴአትር መድረክ የተወሰደ ሲሆን ምርጫው የተሳካ ነው። ሳሎኑ መድረክ ሆኗል፤ ሶፋውና ምንጣፉ የመድረክ ቁሳቁስ ናቸው፤ በቤቱ ሃያ ዓመት የኖረው ቤተሰብ ግን በዚህ ተውኔት ውስጥ ድርሻ የለውም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ገና ያልመጣው ገዢ ነው።

የዚህን ሙያ ብልሃት አለማድነቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሥዕሉ የሚሰቀለው መካከሉ ከወለሉ ከ145 እስከ 152 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንዲውል ተደርጎ ነው፤ ይህም የቆመ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ልክ ሲሆን ብዙ ቤተ መዘክሮችም የሚሠሩበት ነው። ከሶፋ በላይ የሚውል ሥዕል ስፋቱ የሶፋውን ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ያህል መሆን ይኖርበታል። ከሶፋው መደገፊያም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ካለፈ ከሶፋው ጋር ተለያይቶ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ብዙ ትንንሽ ሥዕሎች ከመደርደር አንድ ትልቅ ሥዕል ይመረጣል፤ ትንንሾቹ ግድግዳውን ስለሚቆራርጡት ክፍሉን ያጠቡታልና። ጣሪያው ዝቅ ላለ ክፍል ቁመቱ የረዘመ ሥዕል ይሰጠዋል። የጠበበ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ ርቆ የሚሄድ መንገድ ወይም ባሕር ይሰቀልለታል። መስታወት የተገጠመበት ሥዕል የፎቶግራፍ አንሺውን መብራት ስለሚያንጸባርቅ፣ ያለ መስታወት የተወጠረ ሸራ ይመረጣል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ዛሬ ገዢው ቤቱን አስቀድሞ የሚያየው በእጅ ስልኩ ላይ በሚመጣ ፎቶግራፍ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የአውራ ጣት ጥፍር ባከለ ምስል ውስጥ እንኳ ለክፍሉ መሐል ሊያበጅለት፣ ዓይንን ይዞ ወደ መስኮቱ ወይም ወደ እሳት ምድጃው ሊመራ ይገባዋል። ይህን ሁሉ አስቦ አንድ ሸራ መስቀል ጥንቅርን ማወቅ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ጣልቃ ማስገባት ይፈቀድልን። በእኛ አገር ቤቶች ፎቶግራፍና ሥዕል ከጣሪያው ሥር፣ አናቱ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ሲሰቀል የኖረ ነው። ከላይ የጠቀስነው ባለሙያ ቢያየው ስሕተት ይለዋል። ነገር ግን በዚያ ከፍታ ላይ ያሉት አያት፣ ሟች ወንድምና ቅድስት ማርያም ናቸው፤ የተሰቀሉትም እኛ እንድናያቸው ብቻ ሳይሆን እነርሱም ከላይ ሆነው እንዲያዩን ጭምር ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ቤት ውስጥ ትርጉም ያለውን ይህን ልማድ ሳናስብበት ወደ ዐውደ ርእይ አዳራሽ ይዘን ገብተን፣ ተመልካቹ አንገቱን አቅንቶ እንዲዞር ያስገደድንበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም። በዚህ ረገድ ከቤት አሻሻጮች ብንማር ነውር የለበትም።

ጥያቄው የሚነሣው ከልኩ ወደ ምርጫው ስንሻገር ነው። የባለሙያዎቹ ቀዳሚ ትእዛዝ የሚመለከተው የሚወርደውን ነው። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ይወርዳል። መስቀልና ሥዕለ ቅዱሳን፣ በዓረብኛ የተጻፈ የቁርኣን ቃል ይወርዳል። ዲፕሎማ፣ ባንዲራ፣ የፖለቲካ መፈክር፣ የእርቃን ሥዕል፣ የታደነ አውሬ ራስ፣ ሁሉም በአንድነት ይወርዳሉ። ምክንያቱም ገዢው በቤቱ ውስጥ ራሱን አስቀምጦ እንዲያይ የሌላ ሰው ፊት ከመንገዱ ሊነሣለት ይገባል የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንዲት ወገናችን ቤት ይህ ሥርዓት ሲፈጸም ተመልክቷል። እናትየው ባላቸውን ቀብረው፣ ሦስት ልጆቻቸውን አስተምረውና ድረው ቤቱ ስለሰፋባቸው ሊሸጡት ወስነው ነበር። አሻሻጩ ወጣት ኢትዮጵያዊ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገብቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ብዙ ካመነታ በኋላ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እነዚህ ለጊዜው ቢወርዱ» አለ። «እነዚህ» ያላቸው የባለቤታቸው ፎቶግራፍ፣ የልጆቹ የምርቃት ፎቶግራፎች፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በተርታ የተሣለበት ሸራና በማዕዘኑ በመጋረጃ የተሸፈነችው የእመቤታችን ሥዕል ናቸው።

«ማርያምን አውርጄ ነው ቤት የምሸጠው?» አሉ።

«ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆያለች እንጂ የትም አትሄድም፣ እትዬ።»

«ቁም ሣጥን ውስጥ!» አሉና ሣቁ። ልጁ ግን ሊሥቅ አልደፈረም። በማግሥቱ ሥዕሏን በነጠላ ጠቅልለው ራሳቸው ተሸክመው ወደ ልጃቸው ቤት ወሰዷት። ግድግዳው በነጭ ቀለም ተቀባ፤ በሁለተኛው ሳምንትም የኪራይ ዕቃ የጫነ መኪና መጣ።

በንግሥተ ሳባ ስፍራ የተተካው ጥንድ ሸራ ነበር። ግራጫና ነጭ ቀለም ሰፋ ባለ መሣሪያ ተጎትቶበታል፤ አንድ ቀጭን የወርቅ መስመር ከግራው ሸራ ተነሥቶ ወደ ቀኙ ይሻገራል። ከእንግዳ መኝታው በላይ ጭጋግ የለበሰ የባሕር ዳርቻ፣ በማዕድ ቤቱ ውስጥ በነጭ ሳሕን ላይ ሦስት ሎሚ። የሶፋው ትራስ ከወርቁ መስመር ጋር፣ የአልጋው ልብስ ከጭጋጉ ጋር ይናበባል። በአሠራር ረገድ ነቀፋ የሚገኝበት አልነበረም። ክፍሉ በርግጥ ሰፋ፤ ብርሃኑም ጨመረ። እናትየው ተመልሰው ሲገቡ በደፉ ላይ ቆመው «የማን ቤት ገባሁ?» አሉ።

ይህን የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ከግድግዳ ላይ ምን ይውረድ የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ከጣዕም አልፎ የገንዘብና የዘር ጥያቄ ለመሆኑ ተጨባጭ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ፣ በማሪን ሲቲ፣ ጥቁር ባልና ሚስት የቤታቸውን ብድር እንደገና ለመዋዋል ቤታቸውን አስገመቱ። ግምቱ 995,000 ዶላር ሆነ። ጥርጣሬ የገባቸው ባለቤቶች ከሳምንታት በኋላ ሌላ ገማች ሲጠሩ የቤተሰባቸውን ፎቶግራፎችና አፍሪካዊ የጥበብ ሥራዎቻቸውን አስቀድመው አወረዱ። አንዲት ነጭ ወዳጃቸው የራሷን ቤተሰብ ፎቶግራፎች በቦታው አድርጋ፣ የቤቱ ባለቤት መስላ ገማቹን ተቀበለች። ያው ቤት 1,482,500 ዶላር ተገመተ። ልዩነቱ 487,500 ዶላር መሆኑ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2023 በስምምነት ተቋጨ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐያሲውን ይበልጥ ሊያስቆመው የሚገባው ነገር አለ። በሁለተኛው ግምት ጊዜ ግድግዳው ባዶ አልነበረም፤ የሰው ፊት ነበረበት። «ፊት ሁሉ ይውረድ» የሚለው ሕግ ተጥሶ ሳለ ዋጋው አልወደቀም። እንግዲህ «ገለልተኛ» የሚባለው ግድግዳ ፊት የሌለበት ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ እዚያ መገኘቱ ማንንም የማያስደንቅ ፊት ያለበትም ግድግዳ ገለልተኛ ተብሎ ያልፋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የመኖሪያ ቤት ሕግ በቤት ሽያጭ ረገድ በዘርና በሃይማኖት አድልዎ ማድረግን፣ በማስታወቂያም ይህን የመሰለ ምርጫ መግለጽን ይከለክላል። ሻጩ በሳሎኑ የእመቤታችንን ሥዕል እንዳይሰቅል የሚከለክል ሕግ ግን የለም። ያወረዳት ገበያው ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወጣትም ይህን ያውቃል፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ለእናትየው ጥሩ ዋጋ ሊያስገኝላቸው የቻለውን አደረገ። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የሚወርደውን ካየን ዘንድ የሚሰቀለው ከየት እንደመጣ እንመልከት። ከሶቪየት ኅብረት ወጥተው በኒው ዮርክ የተቀመጡት ሠዓሊዎች ቪታሊ ኮማርና አሌክሳንደር ሜላሚድ እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ የጥናት ድርጅት አሠማርተው 1,000 ያህል አሜሪካውያንን ስለ ሥዕል ምርጫቸው አስጠየቁ። ምን ቀለም ትወዳላችሁ? የተፈጥሮ ገጽታ ወይስ ሰው? ትልቅ ወይስ ትንሽ? መልሱ ሲደመር ሰማያዊ ቀለም አሸነፈ፤ የገጠር ገጽታ አሸነፈ። ሁለቱ ሠዓሊዎች በውጤቱ መሠረት «አሜሪካ አብዝታ የምትፈልገውን» ሥዕል ሣሉ፤ ሐይቅ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ አጋዘኖች፣ በእግር የሚንሸራሸሩ ሰዎች፣ ከመሐላቸውም ጆርጅ ዋሽንግተንና አንድ ጉማሬ። «እጅግ የማትፈልገው» ደግሞ ጠርዙ የተሳለ ባለ ማዕዘን ቅርጾች የሞሉበት ትንሽ አብስትራክት ሆነ። ሥራቸው ቀልድ ነበር፤ ጉማሬው ምስክር ነው። የሁሉንም ሰው ምርጫ ደምሮ የተሠራ ሥዕል የማንም ምርጫ እንዳይደለ ለማሳየት ያሰቡ ይመስለናል። የቤት አሰናጁ ግን ያንኑ ስሌት ያለ ጉማሬው፣ ያለ ቀልዱም ይሠራበታል። ሁሉም የሚወደውን መፈለግ አድካሚ ስለሆነበት ማንም የማይጠላውን ይፈልጋል። አብስትራክት ሲሰቅልም ጠርዙን አልዝቦ፣ ማዕዘኑን አሟሙቶ ነው።

በአገራችን «አብስትራክት ሥዕል መልእክት የለውም» የሚል ክርክር ለረጅም ጊዜ ሲሰማ ኖሯል። እነሆ ዛሬ ያ ትችት በትክክል የሚሠራበት ሥዕል ተገኘ፤ ተቺዎቹ ባላሰቡት ስፍራ። ነገር ግን ባዶነቱ የአብስትራክት ተፈጥሮ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ማርክ ሮትኮ እ.ኤ.አ. በ1958 በኒው ዮርክ ሲግራም ሕንጻ ለሚከፈት ውድ ምግብ ቤት ሥዕሎችን ሊሠራ ውል ያዘ። ጥቁር ቀይና ቡናማ የሞላባቸውን ግዙፍ ሸራዎች ከሠራ በኋላ በዚያ ስፍራ እራት በልቶ ሲወጣ ሐሳቡን ለወጠ፤ ገንዘቡን መለሰ፤ ሥዕሎቹንም ከለከለ። ከእነዚያ ዘጠኙ ለንደን ለሚገኘው ቴት የተሰጡ ሲሆን፣ እዚያ የደረሱት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1970፣ እርሱ በሞተበት ዕለት ነው። በምግብ ቤት ግድግዳ ማስጌጫነት አይውሉም ያላቸው እነዚያ ደብዛዛ አራት ማዕዘኖች አምሳያቸው ዛሬ በየሶፋው አናት ላይ ይገኛል፤ ቀዩ ወደ ግራጫ፣ ቡናማው ወደ አሸዋ ቀለም ተለውጦ። በእኛ ዘንድም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ቅርጽን ሲበትን ሕማምን ሊሸሽ አልነበረም። በ«ጎልጎታ» ፊት የቆመ ሰው ቀዩን ቀለም ከትራስ ጋር ላናብበው ቢል እጁ ይያዛል። ቅርጹ አንድ ሆኖ ይዘቱ የተለየ የሚሆንበት ሁኔታ ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ስፍራ አናውቅም። በሲልቨር ስፕሪንግ የተሰቀለው ሸራ ከሠዓሊዎች የወረሰው መልኩን ብቻ ነው። መልኩ የተወለደበት ጭንቅ በመንገድ ላይ ቀርቷል።

ሠዓሊውም እንዲሁ። እነዚህ ሥዕሎች ፊርማ የላቸውም፤ ወይም የማንም ያልሆነ ፊርማ አላቸው። ከፊሎቹ በማሽን የታተሙ ናቸው። ሌሎቹ እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ በሥዕል ቅጅ ሥራ በታወቀችው በቻይና ሼንጀን በምትገኘው በዳፈን መንደር ውስጥ በሠለጠኑ እጆች በብዛት የሚሣሉ ናቸው፤ እነዚያ እጆች የማን እንደሆኑ የሚጠይቅ የለም። ኢኬያ የተባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ድርጅት በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ቅጅ የሸጠው አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ የአምስተርዳም ቦይ፣ ድልድይ፣ በጥቁርና ነጭ ምስል መካከል አንዲት ቀይ ብስክሌት። ይህን ምስል ከሲያትል እስከ ዱባይ ያላየው ሰው ጥቂት ነው። ያነሣው ፈርናንዶ ቤንጎኤቼአ የተባለ የአርጀንቲና ተወላጅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በስሪ ላንካ ዳርቻ ሳለ የባሕሩ ማዕበል ወስዶት ቀርቷል። በስንት ሳሎን ተሰቅሎ ስንቱ ስሙን ያውቃል?

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባም የአፓርታማ ገንቢዎች ለገዢ የሚያሳዩት ናሙና ቤት አላቸው። ባየናቸው ጥቂቶች ውስጥ በሳሎኑ ላይ የኒው ዮርክ ድልድይ፣ በመኝታ ቤቱ የፓሪስ የብረት ግንብ፣ በሌላው ደግሞ ያው ባለ ወርቅ መስመሩ ግራጫ ሸራ ተሰቅሎ አግኝተናል። በከተማይቱ ውስጥ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጣት ሠዓሊዎችን ያስመርቃል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚሰቅሉበት ግድግዳ ያጣሉ። ገንቢው ከአስመጪ የሚገዛውን ሸራ ትቶ ከእነዚህ በውልና በኪራይ ቢወስድ፣ ከሥዕሉ ጎንም የሠዓሊው ስምና ርእሱ ቢጻፍ የሚከስር አይመስለንም።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርበውን ተቃውሞ እናውቃለን። ጠንካራ ሥዕል የገዢውን ዓይን ከቁም ሣጥኑና ከንጣፉ ይነጥቃል፤ ገዢው ስለ ሠዓሊው መጠየቅ ከጀመረ ስለ ካሬ ሜትሩ መጠየቅ ይረሳል ይባላል። በሌላ ወገንም ከባልንጀሮቻችን መካከል ሥዕልን ለሻጭ ማከራየት ሥራን ማራከስ ነው የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ክርክር አያሳምነንም፤ ሠዓሊ የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ የጥንት ሠዓሊዎቻችንም የንግሥተ ሳባን ታሪክ ለገበያ ሥለው ልጅ አሳድገዋል። የመጀመሪያው ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። በናሙና ቤት ውስጥ የተሰቀለ እውነተኛ ሥዕል አሻሻጩን ማስቸገሩ አይቀርም። ምን ያህል ሊያስቸግረው እንደሚችል ግን በከተማችን ገና አልተሞከረም፤ ሊሞከር ይገባል እንላለን፤ መጀመሪያ በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ሸራ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት በአሥራ አንደኛው ቀን ተሸጠ። ዋጋውም ከተጠየቀው በላይ ነበር፤ ወጣቱ አሻሻጭ ትክክል ነበር። የኪራይ ዕቃው መኪና ተመልሶ መጥቶ ሥዕሎቹን ሲጭን ጀርባቸው ላይ የተለጠፈው የመጋዘን ቁጥር ታየ፤ ሎሚዎቹ፣ ጭጋጉ፣ ወርቃማው መስመር በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ቤት ሊሄዱ ነው። እናትየው ቁልፍ ሊያስረክቡ መጥተው በባዶው ሳሎን ውስጥ ወደ ማዕዘኑ ሄዱ። የምስማሩ ቀዳዳ በስቱኮ ተደፍኖ በላዩ ቀለም ተቀብቶበታል። በጣታቸው ዳብሰው አገኙት።